ጋቢ የለበሰችው አልፓካ

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ከዕቃ ካርቶን ላይ፣ ዙሉኛ ከደንበኞቼ፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከተቃጠለ ፍሪጅ ነው። በስደት በምኖርበት ሰፈር፣ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ፣ ፍሪጁ የቆመበት ባለሱቅ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ዛሬ አርጅቼም ይደውላሉ።

ከሚድራንድ ወዲያ አነስተኛ እርሻ ያላት አንዲት የዙሉ ሴት አለች። የውሃ ፓምፗን ከጠገንኩላት ወዲህ ሳታማክረኝ ምንም አታደርግም። እኔ ማማ እላታለሁ፤ እሷ ባባ ትለኛለች። የምታረባው አልፓካ ነው፤ አንገቱ ግመል፣ ጸጉሩ በግ የሚመስል፣ ሲቆጣ ሰው ላይ የሚተፋ እንስሳ።

አንድ የሰኔ ማለዳ፣ እዚህ ብርዱ የሚጠናበት ወር ነውና ውርጩ ሣሩ ላይ እንዳለ፣ ፓምፑን ለማየት ሄጄ አንዷ አልፓካ ወልዳ ደረስኩ። ግልገሏ መቆም አቅቷታል። ጆሮዋ ተልፈስፍሷል፤ ጣቴን አፏ ውስጥ ባስገባ በረዶ ነው።

«ባባ፣ ይህቺስ አትተርፍም» አለች ማማ። «የእንስሳት ሐኪሙም ከሰዓት በፊት አልደርስም ብሏል።»

«ሲመጣ ስትጠባ ያገኛታል» አልኳት።

ባለቤቴ ለበዓል ብላ ከአገር ያስመጣችልኝን ጋቢ ለብሼ ነበር። አውልቄ ጠቀለልኳት፤ ሙቅ ውሃ የሞላሁባቸውን የለስላሳ ጠርሙሶች ጎንና ጎኗ አደረግሁ። ቆይታ አንገቷን ቀና አደረገች። አሁን የቀራት እንገር ነው፤ የመጀመሪያውን ወተት በዕለቱ ካልጠባች የእኔ ማሞቅ ዋጋ የለውም። ወደ እናቷ ወሰድኳት።

እናቲቱ አሸተተቻት፣ ጆሮዋን አጠፈች፣ ግንባሬ ላይ ተፋችና ሄደች።

ማማ በሳቅ ወደቀች። «ባባ፣ ልጄን ቀይራችሁብኛል ነው የምትልህ!»

ግንባሬን ስጠርግ ገባኝ። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ከበርበሬ ጋር ነው የከረመው። እናት ልጇን በጠረን ታውቃለች፤ ይህቺ ደግሞ ወጥ ወጥ ትሸታለች።

ጋቢውን ገፍፌ እናቲቱ ጀርባ ላይ አሰርኩት፤ ግልገሏን ፀሐይ ላይ አስተኝቼ እናቷ በወለደችበት እርጥብ ሣር አሸኋት። እናቲቱ የዕድር ዳኛ መስላ ግቢውን ስትዞር ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጋቢው የታለ? ለብሰኸው ወጣህ?»

«እኔ አይደለሁም የለበስኩት።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«አንዲት አራስ።»

«የማን አራስ?»

«አልፓካ ናት።»

«እግዚኦ! የኔን ጋቢ ለበግ?»

«በግ አይደለችም» ብዬ ዘጋሁት።

ጋቢው የእናቲቱን ጠረን ሲጠግብ መልሼ ግልገሏን ጠቀለልኩበትና አቀረብኳት። እናቲቱ አፍንጫዋን ጋቢው ውስጥ ቀበረች። ከዚያ እምምም የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ነካሁት። እናቲቱ ነች። ግልገሏም በቀጭኑ መለሰችላት። ወገቧን ደግፌ አቆምኳት፤ ጡቱን ራሷ አገኘችው።

ማማ እልልታዋን ለቀቀችው። ሐኪሙ ሲደርስ ግልገሏ አፏ ዙሪያ አረፋ ይዛ ቆማለች። ልቧን አዳመጠና «ማን ነው ያከማት?» አለ። ማማ አገጯን ወደ እኔ ቀሰረች። እኔም ቀና ብዬ ቆምኩ፤ ለምን አልቆምም?

ያን ቀን ይህን ሠራሁ፦ በረዶ የሆነ አፍ አሞቅሁ። እናትና ልጅ አስታረቅሁ። ለጋቢ አዲስ ሥራ አገኘሁለት። ሐኪም አስደነቅሁ። ፓምፑንም ጠግኜ ወጣሁ። ባለቤቴን ደግሞ በሳምንቱ እዚያው ወስጄ፣ ግልገሏ አጥር ላጥር ስትሮጥ አሳይቼ፣ ኩርፊያዋን በሳቅ አስጨረስኳት።