ማልሱን ሳታይ የሰጠችው ምስክርነት

ታክ ማልሱን ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሙታን ልብስ ሰፍታለች። ሱቋና የእኔ ወፍጮ ቤት በአንድ ግድግዳ ይገናኛሉ። የቂጣ ሩዝ መፍጨት ስጀምር በመቀሷ ግድግዳውን ትደበድባለች።

«አንቺ! ጆሮዬን በላሽው እኮ!»

«ደንበኞችሽ እንደሆኑ አይሰሙ፤ ምን ቸገረሽ እትዬ!» እላታለሁ።

እንዲህ ስንነታረክ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረናል። ማልሱን ኩሩ ናት፤ እጇ ስቶ አያውቅም፣ አፏም ስቶ የሚያውቅ አይመስላትም ነበር። ከቢጫማ ቃጫ የመግነዝ ልብስ ስትሰፋ ክሩን አትቋጥርም። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም እንዲሁ ትለቀዋለች፤ ሟቹ ሳይታሰር እንዲሄድ፣ የቀሩት ልጆችም ኑሮ እንዳይተበተብባቸው። አንዴ አብራት የምትሰራ ሴት ረስታ አንዲት ክር ብትቋጥር፣ ማልሱን ልብሱን ከአንገት እስከ ጫፍ ተርትራ እንደገና ሰፋችው። ሴትዮዋም በማግስቱ ቀረች።

በጨረቃ አቆጣጠር በየጥቂት ዓመቱ አንድ ትርፍ ወር ይገባል። መናፍስት ዓይናቸውን ከሰው የሚያነሱት በዚያ ወር ነው ይባላል፤ ስለዚህ ልጆች ለወላጆቻቸው የመግነዝ ልብስ የሚያሰፉት ያኔ ነው። በቁም የተሰፋ መግነዝ ዕድሜ ያረዝማል። ባለፈው ትርፍ ወር ዘፋኟ ቢዳን ለአያቷ ልታሰፋ መጣች።

ቢዳን የእኛው ከተማ ልጅ ናት። እናትና አባት ስለሌላት ያሳደጓት አያቷ እማማ ፒልሬ ናቸው፤ አሁን ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ይተኛሉ፣ ዓይናቸውም ጠፍቷል። አገር ያወቃት ዘፋኝ ሦስት ቀን ሙሉ የማልሱን ወለል ላይ ተቀምጣ ስፌት ስታይ ዋለች።

«ለምንድን ነው የማይቋጠረው?» ትላታለች።

«የሚሄድን ሰው በገመድ ይይዙታል እንዴ?»

«እኔ ብይዛትስ?»

«እንግዲያው ለሕያው ልብስ ስፊያ! እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። ማልሱንም ሳቀች፤ ማልሱን የምትስቀው በዓመት ሁለቴ ነው። ልብሱ አለቀ፣ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ወደ አያትየው ሄደ።

በተከታዩ ፀደይ የቢዳን አዲስ ዘፈን ወጣ። በቪዲዮው ላይ ከራስ እስከ እግር ቢጫማ ሸካራ የቃጫ ልብስ ለብሳ፣ አንድ የተዘጋ በር ፊት ለፊት እንደ እብድ ትጨፍራለች። ቀትር ሳይሞላ ወሬው ገበያውን አዳረሰው፤ ዘፋኟ መግነዝ ለብሳ ጨፈረች! ገሚሱ በሙታን አላገጠች አለ። ገሚሱ ራሷን ልታጠፋ ነው፣ ልጆቻችንንም ሞት እያስተማረች ነው ብሎ ተነሳ። ዘፈኑ በቴሌቪዥን ይታይ አይታይ የሚወስን ኮሚቴ ዓርብ እንደሚሰበሰብ ተነገረ።

ሰኞ ጠዋት የከተማችን ትልቅ ጎሳ ሽማግሌ አቶ ሶክ በበትራቸው እየጠቆሙ ማልሱን ሱቅ ገቡ።

«የአባቴን መግነዝ የሰፋ እጅ ለጭፈራም ይሰፋል ለካ!»

«እኔ ለጭፈራ አልሰፋሁም ጌታዬ።»

«እና ማን ሰፋው? በዚህ አገር ሌላ ማን አለ?»

ሽማግሌው መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። የዚያኑ ዕለት ሦስት ቤተሰብ ያዘዘውን ልብስ ተወው። ማልሱን ልጅቷ የአያቷን ሣጥን ከፍታ፣ ያንኑ ልብስ አውጥታ እንደለበሰችው እርግጠኛ ሆነች። መቀሷን እንደያዘች ወፍጮ ቤት መጥታ ቆመች። በሕይወቴ እንዲህ ሆና አላየኋትም፤ ደሜ ፈላ።

«ተናገሪ እንጂ! ዝም ካልሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ» አልኳት። ፒዮ የሚባለውን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ደውዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። አልደብቅም።

«ቪዲዮውን አይተሽዋል?» ብዬ ግን ጠይቄያት ነበር።

«ለመርገም ማየት አያስፈልገኝም» አለች።

ካሜራው ፊት ፀጉሯን አበጥራ ተቀመጠች። «ለአያቴ ነው ብላ አታላ አሰፋችኝ። ልትጨፍርበት መሆኑን ባውቅ ጣቴን በቆረጥኩት። ሙታንን ያላፈረ ሕያዋንን አያፍርም» አለች። ቃለ ምልልሱ ማክሰኞ ምሽት ታየ። ረቡዕ ሲነጋ አገሩ ሁሉ «ሰፊዋ ራሷ መሰከረች» እያለ ነበር። የቢዳን ትርዒቶች ተሰረዙ። እሷ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፤ «አያቴ እንድትቆይልኝ ብዬ ነው የሠራሁት።» ሰው ሳቀባት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሩዙ በእንፋሎት እስኪበስል ስልኬን አውጥቼ ለማልሱን ቪዲዮውን ከፈትኩላት። ነገር ለማሟሟቅ ነበር፤ ክፋት አልጎደለኝም። ስልኩን መነጽሯ ላይ ለጥፋ እያየች ምላሷን ታጮኻለች። ከዚያ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«አቁሚው። ወደ ኋላ መልሺው።»

«የቱ ጋ?»

«እግሯ ጋ። ጠርዙ ጋ!»

እኔ የታየኝ ጨርቅ ብቻ ነው። እሷ በጥፍሯ መስተዋቱን ትነካለች፣ ምስሉ ይሮጥባታል፣ ትሳደባለች። በመጨረሻ ያዘችው። ከቀሚሱ ጠርዝ ዙሪያ፣ ከእጅጌው ጫፍ፣ ከአንገቱ፣ ክሩ ሁሉ ተቋጥሯል። ቋጠሮው ደግሞ ሆን ተብሎ ወደ ውጭ ወጥቷል።

«ይሄ የእኔ ስፌት አይደለም» አለች። ድምፅዋ ወርዶ ነበር። «መግነዝም አይደለም። የሕያው ሰው ልብስ ነው። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ራሷ ናት የሰፋችው።»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥሙን ሰማን። ልጅቷ የምትዘፍነው በሩን ለሚያንኳኳው ለሞት መልእክተኛ ነው።

«ለባሿ እኔ ነኝ፣ ተመልከት ልብሴን፣
ተሳስተህ መጥተሃል፣ ተዋት አያቴን።
ፍታኝና ውሰደኝ፣ እጅህ ካልደከመው፣
ከአንገቴ እስከ እግሬ ቋጠሮ ብቻ ነው።»

ሞትን ልታታልል ነው የጨፈረችው። አያቷን ሊወስድ ሲመጣ መግነዝ መስሎ በተሰፋ ልብስ ልትቀበለው፣ ከዚያም እንዳይወስዳት በቋጠሮ ታስራ ልታደክመው። ይህን ከአገሩ ሁሉ ቀድማ ማየት የነበረባት ማልሱን ነበረች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ሩዜም አረረ።

ለጋዜጠኛው ለፒዮ ወዲያው ደወለች።

«እማማ፣ ትናንት ሌላ ነበር እኮ ያሉት» አላት።

«ትናንት አላየሁትማ!»

«ሳያዩ ነው የመሰከሩት?»

«አዎ፣ ሳላይ ነው። እሱንም ጻፈው። ከዓርብ በፊት አሳየው፣ ልጄ፣ እለምንሃለሁ።»

ማልሱን ሰው ስትለምን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፒዮ ሐሙስ መጣ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረጻት። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ይዛ አንዱን ቋጥራ፣ አንዱን ሳትቋጥር ሰፋችለት። «ይሄ የሚሄድ ሰው ነው፣ ይሄ የሚቀር ነው። ልጅቷ ልክ ናት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረን ጠበቅን። የጎመን ዋጋ አሳዩን፣ ኳስ አሳዩን፣ የነገውን ዝናብ አሳዩን። ስትደውልለት አለቆቹ ነገሩ ለተመልካች ይወሳሰባል እንዳሉት ነገራት። ሳታይ የረገመችው አልተወሳሰበባቸውም! ዓርብ ኮሚቴው ዘፈኑን ከለከለ። ከምክንያቶቹ አንዱ «ልብሱን የሰፋችው ባለሙያ የሰጠችው ምስክርነት» የሚል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቅዳሜ ማልሱን ወደ እማማ ፒልሬ ልሂድ አለች። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ የሩዝ ቂጣ ቋጥሬ አብሬያት ሄድኩ። አሮጊቷ ከማሽኑ በተመለሱ በማግስቱ ነበር፤ ፊታቸው ወይቦ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። በእግራችን ድምፅ አወቁን።

«ማልሱን ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ልጄ ላይ የደረሰውን ሰማሽ?»

«ሰማሁ እማማ።»

«ማክሰኞ ለት አንዲት ሴትዮ በቴሌቪዥን ረገመቻት። ዓይኔ አያይም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ያንቺን ድምፅ መሰለኝ። ኋላ ደግሞ፣ ማልሱን እንዲህ አትልም ብዬ ተውኩት።»

እኔ ወለሉን አየሁ። ማልሱን በጉልበቷ ተንበረከከች።

«እኔው ነኝ እማማ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«አይተሽው ነው?»

«ሳላይ ነው። ኋላ አየሁት። ላስተካክል ብዬ ነበር፣ እምቢ አሉኝ።»

«እኔስ ዓይኔ ጠፍቶ ነው» አሉ እማማ ፒልሬ። «አንቺ ምን ሆነሽ?»

ማልሱን ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ወደ እኔ ዞረው ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን ሣጥን እንዳወርድ ነገሩኝ። አወረድኩት። አቧራ እንኳ አልነበረበትም፣ በየቀኑ የሚያስጠርጉት ይመስለኛል።

«ይዘሽው ሂጂ» አሏት።

«እማማ፣ በትርፍ ወር የተሰፋ ነው። ዕድሜ...»

«አውቃለሁ። ስፌትሽ ጥሩ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ያንቺን እጅ ለብሼ መሄድ አልችልም። ልጄን ምን እላታለሁ?»

በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማልሱን የሰፋችው መግነዝ ተመልሶባት አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛው ሄደች። አንድ ሰው ቦታ ሊለቅላት ሲል እየተቀመጠች መሆኑን እንኳ ረስታ «አይ፣ እቆማለሁ» አለችው።

«ልክ ናቸው» አለችኝ ልንወርድ ስንል።

ጋዜጠኛውን ማን እንደጠራው እማማ ፒልሬ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።