ውሸታሙ ማስመሪያ

ባለቤቴ ብረት አቅላጭ ነው። ያለቀላቸውን ፒስተኖች አቅልጦ የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰ፣ ፋብሪካ መሥራት ያቆመውን የአሮጌ መኪና ዕቃ እንደ አዲስ ያወጣዋል። ሠላሳ ዓመት ከእሳት ጋር ስለተፋጠጠ ቅንድብ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሳት በሌለበት ሰዓት የሚፋጠጠው ከኔ ጋር ነው።

ከዕቃው ሁሉ የሚሳሳለት አንድ የእንጨት ማስመሪያ አለው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ማስመሪያው ሆን ተብሎ ከትክክለኛው ሜትር በአንድ ጣት ረዝሞ የተሠራ ነው። አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚያትምበትን የእንጨት ሞዴል በሱ ለክቶ ካበጀ፣ ዕቃው ሲቀዘቅዝ ልኩን ይመጣል። ስሙን “ውሸታሙ” ብሎታል። “እሱን እንዳትነኪብኝ!” ይለኛል ጠዋት ማታ። ምን ቆርጦኝ!

ታዲያ ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳት አውቶቡስ የውሃ ፓምፗ ተሰነጠቀ። የሚገዛ ፓምፕ ከየት ይምጣ? አለቃው “እስከ ቅዳሜ ካልተነሳች ለቁርጥራጭ ብረት እሸጣታለሁ” ብሎ ቁርጡን ነገረው። ወንድም ጋሼ ቤታችን መጥቶ “በዚህ ዕድሜዬ ሌላ መኪና ማን ይሰጠኛል?” ሲል አንጀቴን በላው።

ባለቤቴ ማክሰኞ አፈሰሰ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከሞተሩ ጋር አልገጥም አሉ። ሞዴሉን እንደገና ለክቶ ሐሙስ አፈሰሰ፤ ያው ነው። አሸዋውን ረገመ፣ ከሰሉን ረገመ። በመጨረሻ ቁጭ አለና “አርጅቻለሁ መሰለኝ” አለኝ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

አርብ ጠዋት አንድ ደንበኛዬ ሱሪውን ይዞ መጣ። “እትዬ፣ ይሄ መሬት እየጠረገልኝ ነው” አለ።

“አንተ አጥረህ ይሆናላ!” አልኩት። ግን በዚያ ሳምንት እንዲህ ያለኝ ሦስተኛው ሰው ነበር። እግሩን የለካሁት አንገቴ ላይ በማንጠለጥለው የጨርቅ ሜትር፣ ሱሪውን ያሰመርኩት ደግሞ በእንጨት ማስመሪያዬ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። የእንጨቱ በአንድ ጣት ይረዝማል። ጉዴ ፈላ! እሁድ ቤት ሳጸዳ የሱንና የኔን ማስመሪያ ያቀያየርኩት እኔው ነኝ።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እውነቱን ልናገርና፣ አስቤው ነበር። ግን “አርጅቻለሁ” ያለው ትዝ አለኝ። ውሸታሙን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ደንበኛዬን እዚያው ገትሬው ወደ ማቅለጫው ሮጥኩ።

“እጅህ አይደለም የከዳህ” አልኩት እያለከለክሁ፤ “የኔ ጽዳት ነው።”

ሁለቱን ማስመሪያዎች አየ፣ እኔን አየ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አሸዋው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። “እኔኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር!” አለ። ወዲያው ተነስቶ ሞዴሉን ሊለካ ገባ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስምንቱም ብሎኖች ያለ መዶሻ ገቡ። ወንድም ጋሼ ቁልፉን ሲያዞር አሮጊቷ ሁለቴ አሳለችና ተነሳች። ሥሯ አጎንብሰን አየን፤ ጠብ የሚል ውሃ የለም። አለቃው ራሱን እየነቀነቀ “ሰኞ ሥራ ግባ” አለው። ወንድም ጋሼ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ከሱሪዎቹ በቆረጥኩት ትርፍ ጨርቅ ለውሸታሙ ከረጢት ሰፋሁለት። አሁን ወንድም ጋሼ በበራችን ሲያልፍ ጥሩምባውን ይነፋል። ባለቤቴም ሁልጊዜ ከማቅለጫው ብቅ ብሎ “አርጅቻለሁ እንዴ?” ይለኛል።

“ገና ልጅ ነህ” እለዋለሁ።