ሟቿ ተነሥታ ያቀፈችን ቀን

ከማድረቂያው የወጣው ልብስ እጄ ላይ ገና ትኩስ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ሳሎን መጋረጃውን ዘግታ ፊልም ታያለች፣ እኔ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የሥራ ልብሴን አጥፋለሁ። ፊልሙ እኔ የማልወደው ዓይነት ነው። አንድ ሰው ሴቶችን እየተከተለ ይገድላል፣ አንድ መርማሪ ደግሞ እሱን ለመያዝ ሲባዝን ይውላል። «ይህን ሁሉ ሬሳ ቤታችን ምን አመጣው?» ብያት ነበር። «ማሚ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ሪላክስ አድርጊ» አለችኝ። እኔም ሄጄ የበሩን ቁልፍ ሁለተኛ ጊዜ አየሁት።

ተመልሼ ስቀመጥ በግድግዳው በኩል የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ።

አክስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ድምጿ እኔ ዘንድ የለም። ስልኬ ላይ ትታልኝ የነበረው መልእክት ሁሉ ስልኩ ሲለወጥ ጠፋ፤ ልጄ ለማውጣት ብዙ ሞከረች፣ አልሆነም። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሮዬን ነው። ድምፁ እንደገና መጣ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ድምፅ። ሱሪውን እንደያዝኩ ተነሣሁ።

«ማሚ! ነይ ነይ! አማርኛ እያወሩ ነው!» ብላ ልጄ ጮኸች።

ይኸውልሽ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

አሜሪካ ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ዕድሜዬ ዐሥራ ዘጠኝ። ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት አክስቴ ዘንድ ነው፤ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ኮሪያታውን የሚባል ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ወደሞላበት መንገድ፣ እንሄዳለን። እሷ እዚያ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ ሰው ሲበዛም አስተናግዳለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በግድ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ከ«የስ» እና ከ«ሶሪ» አያልፍም ነበር። ግን ደስተኛ ነበርኩ። የጠዋቱ ፀሐይ ማዶ ባሉት ሱቆች መስታወት ላይ ሲያርፍ፣ ከባልትናው ሱቅ የኮረሪማ ሽታ ሲወጣ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሙቅ ውሃ ክንዴን ሲያሞቀኝ፣ ሁሉም ነገር የሚሆንልኝ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ደብረ ዘይት ነበረች። በየእሑዱ በካርድ እደውልላታለሁ። ስኳር ነበረባት፤ ድምጿ ግን ሁልጊዜ ሳቅ ሳቅ ይላል። «በልተሻል? ደርበሻል? ሰው አይተሽ ነው የምትቀርቢው?» ትለኛለች። አንድ እሑድ ስደውል ጎረቤታችን አነሣች። «እናትሽ ፀበል ሄዳለች፤ ደህና ናት» አለችኝ። በሚቀጥለውም እሑድ ደወልኩ፤ አሁንም ፀበል። አክስቴን «እንዲህ የሚያቆይ ምን ፀበል ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል «ሱባዔ ይዛ ይሆናል፤ ስትወጣ ትደውላለች» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። የሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያው ሰሞን ሰው ሁሉ ይወደኝ ጀመር። ቁጣ የማታጣው አሠሪያችን «ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ትንሽ ቅመሺ» ትለኝ ነበር። ፓርኪንግ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ አሉ፤ ባዩኝ ቁጥር «አንቺ የደብረ ዘይት ዳክዬ» እያሉ ያበሽቁኛል። አንድ ቀን ብርቱካን ልጠው ሰጡኝና ሳይቀልዱ ሄዱ። አንዲት ደንበኛ ሒሳብ ከፍላ ስትወጣ ሳላስበው ጉንጬን ሳመችኝ። አክስቴ ራሷ አውቶቡስ ላይ እጄን ይዛ መሄድ ጀመረች፤ እስክንወርድ አትለቀኝም። እኔ ሞኟ፣ አገሩ ለመደኝ ብዬ አሰብኩ።

ለካ ፌርፋክስ በሙሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ታላላቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ቄስ ተጠርቶ፣ የሚደግፍሽ ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ በማለዳ ነው የሚነገረው። መጀመሪያ የተቀጠረው ቀን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አለፈ። ሁለተኛው ለእሑድ ተቀጠረ። ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት ከዚያ በፊት ባለው ረቡዕ ነው።

ግማሽ መንገዱን በትላልቅ መኪናዎች ሞሉት። ገመድ፣ መብራት፣ እንደ ቀጭኔ አንገቱ የረዘመ ብረት። ከሁሉ የገረመን ዝናቡ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እነሱ ግን ከብረቱ ጫፍ ዝናብ ያወርዳሉ። የራሰ አስፋልት ሽታ መንገዱን ሞላው። ጋሼ ቀና ብለው ፀሐዩንም ዝናቡንም አዩና «ዛሬ ጅብ ልትወልድ ነው» አሉ።

የፊልሙን ታሪክ ያስረዳችን አሠሪያችን ናት። ገዳዩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶችን እያደነ ይገድላል። አምስተኛዋ ሟች የምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት። ሬሳዋ ከምግብ ቤታችን ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ይገኛል፤ መርማሪው ይመጣል፤ የሠፈሩ ሰው ከቢጫው ሪባን ወዲህ ቆሞ ያያል። የሠፈሩ ሰው እኛ ነን። «ነጠላችሁን ልበሱ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄዱት ብለዋል» አለችን።

አክስቴ «እኔ በሬሳ አልጫወትም» አለች።

«እትዬ፣ የምን ሬሳ? ያቻትልዎ ፍርፍር እየበላች!»

እውነቷን ነው። ሟቿ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፍርፍር ትበላ ነበር። ቀጭን፣ ጠጉሯ ቀላ ያለ ልጅ ናት፤ አንገቷ ላይ የታነቀ ሰው ምልክት በቀለም ሠርተውላታል፣ ከንፈሯን አጥቁረውታል። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ራሱ ገዳዩ ነው፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ መነጽር ያለው፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። በርበሬው አቃጥሎት ዓይኑን ይጠርጋል። ጋሼ አዩትና «ይሄ እንኳን ሰው፣ ዶሮም አያርድ» አሉ። አክስቴ አላስቻላትም፤ ሄዳ ልጅቷን አጎረሰቻት። ሟቿ አፏን በሰፊው ከፍታ ተቀበለች፣ ጉንጯ ሞልቶ ሳቀች። «ምነው ከንፈርሽን እንዲህ አደረጉት፣ የኔ ልጅ» አለቻት አክስቴ በአማርኛ። ከዚያ ሄዳ ነጠላዋን አመጣች።

ከምሳ በኋላ ከሪባኑ ወዲህ ተሰለፍን። ዐሥራ አምስት ያህል እንሆናለን። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች ልጅ ትእዛዙን ነገረችን፣ አሠሪያችን ተረጎመችው፤ «ምንም እንዳታደርጉ። እንዳትናገሩ። ቆማችሁ ማየት ብቻ ነው።»

አሁን ሳስበው ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ሬሳ ፊት ዝም ብሎ መቆም የሚችል የኛ ሰው የት ይገኛል?

የመጀመሪያው ጊዜ በሰላም አለፈ። ሁለተኛውም። በየመካከሉ ሟቿ ትነሣለች፣ ፎጣ ያለብሷታል፣ ለአክስቴ እጇን ታውለበልብላታለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኛል። በሦስተኛው አንድ ጫማዋን አወለቁት። ሬሳ የሚሸፈንበትን ላስቲክ ፊቷ ላይ ሲስቡት ባዶ እግሯ ከታች ወጣ፤ ዝናቡ ይወርድበታል። አክስቴ ጎኔ ላይ ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በርዷት ነው ብዬ ጠጋ አልኳት።

እሷ ግን ሪባኑን ወደ ላይ አነሣችና ገባች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ የልጅቷን እግር አለበሰችው። ከዚያ ደረቷን እየመታች ጮኸች።

«እህቴ! እህት ዓለሜ! ማን ገነዘሽ? እግርሽን ማን አለበሰልኝ?»

እኔ እያፈርኩም እየሳቅኩም ተከትያት ገባሁና ቀሚሷን ጎተትኩት። «አክስቴ፣ ኧረ ፊልም ነው! ኧረ ተይ፣ ሰው እያየን ነው!»

አልሰማችኝም። «ልጅሽ ይቻት፣ አጠገቤ ቆማ ትስቃለች! ምን ብዬ ልንገራት? እናትሽ ፀበል ናት እያልኩ እስከ መቼ ልዋሻት?»

«ፀበል» ስትል ነው የደረሰኝ። ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ዞርኩ። አሠሪያችን አፏን በእጇ ይዛለች። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ያቺ ጉንጬን የሳመችኝ ሴት ልታየኝ አልቻለችም፤ መሬት መሬት ታያለች። መንገር አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። ሴቶቹ ሁሉ ማልቀሳቸውን። ዳይሬክተሩ አቁሙ አለማለቱን። ቀጥሎ ጭብጨባ። አዎ፣ አጨበጨቡልን። አልፈርድባቸውም፣ ጥሩ የተጫወትን መስሏቸው ነው። የገባት ሟቿ ብቻ ናት። ከራሰው አስፋልት ላይ ተነሣች፤ በአንድ ጫማ፣ አንገቷ ላይ ያ ሰማያዊ ምልክት እንዳለ፣ አክስቴንና እኔን አንድ ላይ አቀፈችን። ሙሉ በሙሉ ርሳ ነበር፤ ልብሷ እየቀዘቀዘ፣ እጇ ግን ይሞቃል። ገዳዩ ወንበር ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ተመልሶ ውሃ አመጣልኝ፤ ብርጭቆውን ራሱ ይዞ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ በርከክ ብሎ ጠበቀኝ።

የዚያን ቀን ፌርፋክስ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ነበሩ። ጠረጴዛው ተነሥቶ፣ ወንበሩ ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሮ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። የፊልሙ መብራት በመስኮት እየገባ ፊታችንን ያበራዋል፤ ውጭ ዝናቡ ይዘንባል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዘንባል። እናቴ ከተቀበረች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋው የኔ፣ ሶፋው የአክስቴ ሆነ። ብለምናትም እምቢ አለች።

ነጠላውን ባለማዳመጫዋ ልጅ በማግስቱ አጥባ፣ አጣጥፋ መለሰችልን። አክስቴ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው እንጂ ዳግመኛ አልለበሰችውም። ራሷንም ይቅር አላለችም። «መርዶሽን መንገድ ላይ፣ በጨዋታ መሐል አረዳሁሽ» ትል ነበር፤ አግብቼም፣ ልጄን ወልጄም አልተወችውም። እኔ አንድ ቀን እንኳ ተቀይሜያት አላውቅም። እሷ ደረት ባትመታላት እናቴን ማን እንደዚያ ያለቅስላት ነበር? ይህንን ግን ተቀምጬ አልነገርኳትም። «ተይ አሁን እሱን» ነበር መልሴ። ፊልሙ ሲወጣ ስሙን እንኳ አልጠየቅንም። «እኔ ቤት እንዳይገባ» አለች፣ በዚያው ቀረ። ያንን ቦታ ይቆርጡታል ብለን ነበር።

የኔ ፍርሃትም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ልጄ «ማሚ፣ ነገር ታበዢያለሽ» ትለኛለች። ስልኳ ላይ ደውዬ ጓደኛዋ ካነሣችው ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። «ሻወር እየወሰደች ነው፣ ደህና ናት» ሲሉኝ እስክትወጣ ድረስ ቁጭ አልልም። እኔን ያ ፊልም ላይ ያለው ገዳይ አይደለም የሚያስፈራኝ። በሌላ ሰው ድምፅ «ደህና ናት» መባል ነው።

ሳሎን ስደርስ ልጄ ፊልሙን አቁማው ነበር።

«ከታች ምን ብለው እንደጻፉ አየሽ?» አለችኝ። እንግሊዝኛ ፈጥኜ እንደማላነብ ስለምታውቅ ራሷ ነገረችኝ፤ «ሴት በውጭ አገር ቋንቋ ታለቅሳለች» ይላል። «የምን የውጭ አገር? ሶ፣ ምንድን ነው የምትለው? ደግሞ እማማን አትመስልም?» እማማ የምትለው አክስቴን ነው።

«እማማ ናት» አልኳት።

ሳቋን ተወች። ሳልጠይቃት ወደ ኋላ መለሰችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሱሪው ጭኔ ላይ ነው። ዝናቡ፣ የአክስቴ ጀርባ፣ ነጠላው ሲወርድ፣ ከዚያ ድምጿ። ያስቀሩት ትንሽ ነው። አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እህቴ፣ ማን ገነዘሽ፣ እግርሽን ማን አለበሰልኝ። ለማን እንደሆነም ነገርኳት። አያቷ መሞቷን ታውቃለች፤ እኔ እንዴት እንደሰማሁ ግን ነግሬያት አላውቅም። እጄን ያዘችና ፊልሙ እንዲሄድ ተወችው።

ከጎን በኩል አንዲት ልጅ ገባች። ቀጭን፣ ነጠላዋ የተንሸራተተ፣ የሴትዮዋን ቀሚስ የምትጎትት።

«ማሚ... አንቺ ነሽ?» ልጄ ቶሎ ብላ አቆመችው።

ልጅቷ ጥርሷ እየታየ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች። ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ አዝኖ ያያታል። እሷ ገና አልሰማችም። እናቷ ፀበል ናት፤ እሑድ ትደውልላታለች።

«ልቀጥለው?» አለችኝ ልጄ ቀስ ብላ።

«ቆይ» አልኳት። «ትንሽ ትሳቅ።»