የእሑድ ዓሦች

የእህቴ ልጅ በቆዳ ፋብሪካው ግቢ የምትታወቀው «ብልቃጥ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት ቆዳ የሚለፋበት የበርሜል ክፍል ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ ባዶ ብልቃጦች የተደረደሩበትን የሽቦ ቅርጫት አንጠልጥላ ስታልፍ «ብልቃጥ መጣች፣ ውሃችሁን አሳምሩ» እያሉ ይቀልዱባታል። ሥራዋ ከፋብሪካው ተጣርቶ ወደ ወንዙ ከሚወርደው ውሃ ናሙና መቅዳት፣ መመርመር፣ ውጤቱን ፈርማ ለሥራ አስኪያጁ ማስገባት ነው። ናሙና የሚያዝበት ብልቃጥ መጀመሪያ በዚያው በሚቀዳው ውሃ ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት። ይህ ልማድ እጇ ላይ ስለቀረ ቤትም ብርጭቆዋን በምትጠጣው ውሃ ሳታለቀልቅ አትጠጣም። እናቷ «ይህቺ ልጅ ከምትጠጣው የምትደፋው ይበልጣል» ትላለች።

ፈሪ ናት። ማማቴ አይደለም፣ እሷም አትደብቀውም። ስልክ ሲጮህ ሰው የሞተ ይመስላታል። ተማሪ ሳለች መልሱን እያወቀች እጇን ሳታወጣ የቀረችበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ማመልከቻ ጽፋ ሁለት ዩኒቨርሲቲ መላኳን የሰማን ጊዜ ሁላችንም ገረመን። ሁለቱም ሲቀበሏት ደግሞ ከሁላችን ይልቅ የደነገጠችው እሷ ሆነች።

ሁለቱም ትምህርቶች የአካባቢ ጥበቃ አስተዳደር ማስተርስ ናቸው፤ ግን አይገናኙም። አንደኛው እዚሁ ከተማ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ በኢንዱስትሪ ላይ ያተኮረ ነው። ወጪውን ፋብሪካው ይችላል፤ ስትጨርስ የክፍሉ ኃላፊ ትሆናለች፤ በምትኩ ለዓመታት ከፋብሪካው ላትለቅ ውል ትፈርማለች። ሁለተኛው ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያድራል። ስለ ወንዞችና ሐይቆች የሚያስተምር ሲሆን ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥተዋታል። ነገር ግን ሥራዋን መልቀቅ አለባት። ሌላም ጣጣ ነበረው። የምታማክራት ፕሮፌሰር ስልክ ደውላ «ምንድን ነው መመርመር የምትፈልጊው?» ብትላት ምላሷ ተሳሰረ። ፕሮፌሰሯ አልተቆጣችም። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት፣ የራሱ ጥያቄ የሌለው ተማሪ ግን አልቀበልም ብላ ስልኩን ዘጋች። ፋብሪካውም ውሉ እንዲፈረም የሚፈልገው በዚያው በወሩ መጨረሻ ነበር።

እህቴ፣ ማለትም እናቷ፣ አስም አለባት። ብልቃጥ ሩቁን ስታስብ እናቷ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ትታያታለች። ቅርቡን ስታስብ ደግሞ ያ የኃላፊው ወንበር ይታያታል፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ የሚጠይቃት እንጂ የምትጠይቀው ሰው አይኖርም። ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ሆዷ ከስፌት መኪናው ጋር እየተጋፋ «ቶሎ ወስኚ እንጂ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳትሆኚ» ትላታለች። እኔንም ምክር ጠይቃኝ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ አጎት ስለ ማስተርስ ምን ይላል? «ጸጥ ያለ ቦታ ሄደሽ አስቢ» ከማለት ሌላ አልመጣልኝም። ምክሬን መስማቷ አልቀረም።

እሷ የምታውቀው ጸጥ ያለ ቦታ የፋብሪካው ኩሬ ነው። የማጣሪያው ውሃ ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት በመጨረሻ የሚያልፍበት ኩሬ ሲሆን ዓሦች አሉበት። ጎብኚ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ኩሬው ዳር ያቆሙትና «ዓሣ ከኖረበት ሌላ ምስክር ምን ያስፈልጋል» ይላሉ። ብልቃጥ ሰኞ ሰኞ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ዓሦቹን «ደህና ሰነበታችሁ» ማለት ነው። ከዚያ የሳምንቱ ሪፖርት ላይ «ዓሦቹ ደህና ናቸው» ብላ ትጽፋለች። እናቷንም ያሳመነቻት በእነዚሁ ዓሦች ነበር። እህቴ ወንዙ ዳር ትንሽ ቦታ አላት፤ ሰላጣና ቆስጣ ታበቅልበታለች። ውሃው ያሳስባት በነበረ ጊዜ ልጅቷ «እማ፣ እኔ ራሴ የምለካው ውሃ ነው፤ ዓሣ ይኖርበታል፤ አትፍሪ» አለቻት። በሕይወቷ ሌላውን ሰው አትፍሪ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ዝግ ነው። ስታስብ ልታመሽ ገባች። ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ያልደረቀ ቆዳ ሽታ ብቻ በየጥጉ ተቀምጧል። ከማጣሪያው ጀርባ ዞር ስትል የኩሬው ጠባቂ ጎንበስ ብሎ አየችው። ሽማግሌው እሑድ የዕረፍት ቀኑ ነው። አንድ እጁ ባልዲ ይዟል፤ አጠገቡ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ተቀምጧል። ከባልዲው ዓሣ ወደ ኩሬው ያፈሳል።

«ጋሼ?» አለች።

ሽማግሌው ባልዲውን ሊደብቅ ሞከረ፤ ግን ባልዲ የት ይደበቃል። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። እሑድ እሑድ ይሞታሉ። እኔ እስከ ከሰዓት ስለማልገባ የሚቀልባቸው ጠፍቶ በረሃብ ነው ብዬ ነው። ድሮ አንድ ጊዜ ሲሞቱ ያኔ የነበረው ኃላፊ፣ አንተ ነህ የገደልካቸው ብሎ ሊያባርረኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከላይኛው ግድብ የሚያጠምድ ወዳጄ ያመጣልኛል፣ እተካለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰኞ ስትገቢ ደህና ሰነበታችሁ ትያቸዋለሽ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ ዝም አይነቅዝም።»

ማዳበሪያውን ፈታ አየች። የሞቱት ዓሦች ስንጥብ፣ መተንፈሻቸው ላይ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ልስልስ ነገር ተለጥፏል። ቀለሙን ታውቀዋለች፤ ቆዳ የሚለፋበት የክሮም ቀለም ነው። ዓሣ አንድ ቀን ስላልበላ አይሞትም። እሷም ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ሰኞ የፈረመችው ፊርማ በዓይኗ ላይ ሄደ። ከፊርማው ቀጥሎ የመጣባት የእናቷ ቆስጣ ነው፤ ከቆስጣው ቀጥሎ የእህቷ ሆድ። ያን ቀን ማታ እኔ ቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ ብርጭቆውን አለቅልቃ፣ አለቅልቃ፣ ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ያ ሳምንት አላልቅ አለ። በየጠዋቱ ናሙና ትቀዳለች፤ በየጠዋቱ ውጤቱ ደህና ነው። መፍራቷን የባሰ ያደረገው ይህ ነበር፤ የምትፈራው ነገር ብልቃጥ ውስጥ አልገባ አለ። ቅዳሜ ሥራ የሚያልቀው በግማሽ ቀን ነው። የቅዳሜውን ናሙና ጠዋት ቀድታ መውጣት ልማዷ ነበር። ያን ቅዳሜ ግን ቅርጫቷን ይዛ ከጥሬ ቆዳ መጋዘኑ ጀርባ ቆመች። ዓሦቹ እሑድ ሞተው የሚገኙት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሆን ነገር ነው ብላ ጠርጥራ ነበር።

የሳምንቱ ሥራ ሲያልቅ ትላልቆቹ በርሜሎች ተከፈቱ፤ መታጠብ ጀመሩ። ውሃው በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ መጣ። የማጣሪያው ገንዳ ሞላ፤ ሲሞላ የተረፈው በጎን ባለው ቦይ አድርጎ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ኩሬው ወረደ። ኩሬው ዓይኗ እያየ ቀለሙን ቀየረ። ከበርሜል ክፍል ቧንቧ ይዞ የሚያጥበው ሰውዬ አያት።

«ብልቃጥ፣ ቅዳሜ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ድምፅዋ ስለቀጠነ ሁለቴ መጠየቅ ነበረባት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነዋ። ገንዳው ሲሞላ የት ልድፋው፣ ቤቴ ይዤው ልሂድ? አንቺ የምታውቂ መስሎን ነው እኮ።»

ማንም የደበቃት ሰው አልነበረም። የበርሜል ክፍሉ እሷ ታውቃለች ብሎ፣ ጠባቂው ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎ፣ እሷም የጠዋቱን ውሃ አምና፣ ሁሉም በየድርሻው ዝም ብሎ ኖሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም። ተንበርክካ ብልቃጡን በዚያ ውሃ ለቀለቀች። ሁለት ብልቃጦች ከእጇ አምልጠው ወደቁ። ሦስተኛው ሞላ።

በማግስቱ ወደ ወንዙ ዳር ወርዳ እናቷን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ውሃ አታጠጪ፣ የበቀለውንም አትብሉ አለቻት። እህቴ የውሃ መቅጃዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«ትናንት ንጹሕ ነው፣ ዛሬ መርዝ ነው። ውሃው ሃይማኖት ቀየረ እንዴ?»

ታናሿ አጥሩ ላይ ተደግፋ ትስቅ ነበር። የእህቷን ፊት ስታይ ሳቋን አቋረጠች፤ እጇ ሳታውቀው ወደ ሆዷ ሄደ። ብልቃጥ ያን እጅ አየች። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ስታወራ የምታነሳው ያን እጅ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከቆስጣው ሥር አፈር ቆፈረችና ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ አደረገችው።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ብልቃጡን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ያየችውን ተናገረች። ንግግሩን ሌሊቱን ስታጠናው ስላደረች ያለ ትንፋሽ ነው የጨረሰችው። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ገንዳው ለፋብሪካው እንደሚጠበው ያውቁ ነበር። ሲሞላ የተረፈው ውሃ የት እንደሚወርድ ግን አልጠየቁም፤ ስላልጠየቁም አላወቁም። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡት።

«እኛ አንቺን የምናስተምረው ለዚህ አይደል?» አሉ። «ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ኃላፊ ሁኚ፣ ታስተካክይዋለሽ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ናሙናው እንደ ልማዱ ጠዋት ይወሰድ።» ውሉን ከመሳቢያ አውጥተው ብዕር ጨምረው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱ በማታ ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻም አለ። ቅዳሜ በርሜሎቹ ሲታጠቡ እሷ ክፍል ውስጥ ስለ ፍሳሽ አያያዝ ትማራለች፤ ሰኞ መጥታ ዓሦቹ ደህና ናቸው ብላ ትፈርማለች። ብዕሩን አነሳችው። እንዳልፈርም ያደረገኝ ጀግንነት አይደለም ትላለች። እጇ አልያዘላትም፤ ብዕሩ ወለል ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ስታነሳው ሥራ አስኪያጁ አልታዩዋትም፤ ሳይታዩዋት ነው «ይቅርታ፣ አልችልም» ያለችው።

ብልቃጡን ከጠረጴዛው አንስታ በቀጥታ እኔ ቤት መጣች። የፕሮፌሰሯን ቁጥር አውጥታ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሲነሳ ያለችውን ሰምቻለሁ።

«ጥያቄ አግኝቻለሁ። እኛ የምንለካው ጠዋት ነው። ሌላ ጊዜ ወንዙ ምን እንደሚሆን፣ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ፕሮፌሰሯ ብዙ የተናገረች ይመስለኛል። በመጨረሻ «እሺ» ብቻ አለች።

ከመሄዷ በፊት ኩሬው ጋ ሄዳ ሽማግሌውን ከእንግዲህ ዓሣ አይተኩ አለችው። ያባርሩኛል አላት። በሪፖርቷ ላይ ዓሦቹ በየሳምንቱ ይሞታሉ፣ የሚገድላቸውም የቅዳሜው ውሃ ነው፣ እንዳይተኩ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ ብላ ጽፋ ፈረመች፤ አንዱን ቅጂ ለራሱ ሰጠችው። የሚቀጥለው ሰኞ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈው ተገኙ። ሥራ አስኪያጁ መጥተው ኩሬው ዳር ቆሙ፤ ቆይተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ሽማግሌውን አላባረሩትም። እስካሁን ነው የምናገረው፤ የነገውን አላውቅም። ገንዳውም እስካሁን ያው ነው።

የመሄጃዋ ቀን መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ቀረች። ትፈራ እንደነበር ማንም ያየው ያውቃል። እህቴ ከታች ሆና ቦርሳዋን እያቀበለቻት «ፍርሃት እንደ ሕፃን ነው፤ ጭንሽ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወንበር አይከፈልለትም። ይዘሽው ግቢ» አለቻት። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ገባች። ጭኗ ላይ የነበረው ግን በጨርቅ የተጠቀለለው የቅዳሜው ብልቃጥና ያ የአፈር ዕቃ ነው።

ብልቃጡ እዚያ ላቦራቶሪ ተመርምሯል፤ የፈራችው ነገር አለበት። አፈሩን ግን አልከፈተችውም። ከወር በላይ መደርደሪያዋ ላይ አስቀምጣው ማንም እንዳይነካው ትጠብቀው ነበር። ታናሿ ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል። ባለፈው ቅዳሜ ብልቃጥ ስትደውል የእናቷን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ እናቷን እንድሰጣት ለመነችኝ። እህቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታዳምጥ ሁሉንም ሰማሁ።

«እማ፣ ሰኞ አፈሩን ልክፈተው ወይ?»

እህቴ ደረቷ ያፏጭ ነበር። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅናት።

«እኛ በልተነዋል፣ አንቺ ልታይው ትፈሪያለሽ?» አለቻት። «ክፈቺው። ክፈቺና መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። ለእህትሽ የምነግራት እኔ ነኝ።»

ስልኩ ውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማኝ። ብርጭቆ እያለቀለቀች መሆን አለበት።