አጋ ኖስራት ስድብ ያቆሙ ሰሞን

የቴህራን ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደ እሱ ትሑት የለም። ሁለት ሰዎች በር ላይ ከተገናኙ አንዱ «ይቅደሙ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ በሞቴ እርስዎ» ይላል። «አፈር ስሆን»፣ «እግርዎ በዓይኔ ላይ» ሲባባሉ ውስጥ የቀረበው ሻይ ይቀዘቅዛል፣ አሳንሰሩም ሰው ሳይጭን ወጥቶ ይመለሳል። ይኸው ሰው መሪ ሲጨብጥ ግን ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ለአንድ ክንድ ቦታ የገዛ አማቱን አያሳልፍም። ፍሬቻ ማብራት ምስጢሩን ለጠላት ማውጣት ይመስለዋል። መውጫው ካመለጠውም ወደፊት ሄዶ እንደ መዞር፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል በፈጣኑ መንገድ ላይ የኋሊት ይነዳል። ደግሞ የሚቆጣው እሱ ነው።

አጋ ኖስራት («አጋ» እዚያ አገር «አቶ» እንደ ማለት ነው) ከነዚህ ሰዎች ጋር በየማለዳው ጦርነት ላይ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ባቡር ውስጥ ተቀምጠው የባቡሮችን መነሻና መድረሻ ሰዓት ሲያወጡ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ባቡር ባቡርን በቀኝ አይቀድምም፤ ባቡር በስልክ እያወራ ሀዲድ አይቀይርም። ዕድሜያቸውን በዚህ ዓይነት ጨዋ ዓለም ያሳለፉ ሰው በስተርጅና የቴህራን ጎዳና ላይ ሲወጡ ደማቸው ባይፈላ ነበር የሚገርመው።

ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ከቀን ውስጥ የእሳቸው የሚሉት ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ አምስት ዓመት የሞላትን የልጃቸውን ልጅ ጎልናርን በአረንጓዴዋ አሮጌ ፔይካን መኪናቸው ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሱባት ሰዓት። የልጅቷ እናት ፋራናክ ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ልጅቷን ለማድረስ ጊዜ የላትም። እሳቸው ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ከቤቷ ደጃፍ ላይ ክላክስ ያደርጋሉ፣ ጎልናር ቦርሳዋን እየጎተተች ትወርዳለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ጦርነቱ ይጀመራል።

ስድባቸው ዝም ብሎ የሚበተን አልነበረም፤ ለየሰዉ የሚገባው ነበረው። በእግረኛ መንገድ ላይ ለሚጋልብ ሞተረኛ «እግር ከሌለህ እግረኛውን ምን ታደርገዋለህ፣ አንተ አንበጣ!» ይሉታል። ሳያበራ ለሚታጠፍ «መንጃ ፈቃድህን ሰርግ ላይ ነው የሸለሙህ?» ነው። አንድ ነጭ ፔዦ ግን ነበረ፤ በየቀኑ አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ከቀኝ መጥቶ በአፍንጫቸው ሥር ወደ ግራ የሚታጠፍ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ለእሱ መስኮት ዝቅ ይደረጋል፣ ጡጫ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ድምፅ ከሆድ ይመጣል።

«የአህያ ልጅ!»

ጎልናር ከኋላ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። የሰማችውንም አልረሳችም።

አንድ ቀን መዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ በባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ስትሄድ አንድ ልጅ ከፊቷ ገባባት። ቆመች። ጡጫዋን ወደ ጎን አወጣች። ድምፅዋን ከሆዷ አምጥታ «የአህያ ልጅ! መንጃ ፈቃድህን ሰርግ ላይ ነው የሸለሙህ?» አለችው። ልጁ አለቀሰ። ዳይሬክተሯ ፋራናክን አስጠሩ።

ማታውኑ ፋራናክ አባቷ ዘንድ መጣች። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

«አባባ፣ ልጄን ባለጌ አደረግክብኝ።»

«እኔ? እኔ እኮ አልሳደብም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«ያየኸውን በልብህ ተናገር። መጪው አርብ ምሳ ላይ እጠይቅሃለሁ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ስድብ ከአፍህ ከወጣች፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናቱ ሰርቪስ ይወስዳታል። ቦታ ይዤላታለሁ።»

እዚያ አገር የዕረፍት ቀኑ አርብ ነው፤ ሥራና ትምህርት ቅዳሜ ይጀመራል። አጋ ኖስራት ሊከራከሩ ፈልገው ተዉት። ያቺ ሰዓት ከተወሰደች ጠዋት ለምን እንደሚነሱ አያውቁም። ይህንን ለልጃቸው መንገር አፈሩ። «እሺ» አሉ ብቻ።

የመጀመሪያው ጠዋት መከራ ነበር። ጥርሳቸውን ነክሰው ነዱ። አንድ ታክሲ መንገድ መሀል ቆሞ ሰው ሲያወርድ ፊታቸው ቀላ፤ ጎልናር በስፖኪዮው ውስጥ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አፈጠጠችባቸው።

«አያቴ፣ ልትለው ነው?»

«አልልም።»

«ጆሮህ ግን ቀልቷል።»

በሁለተኛው ቀን መላ አገኙ። ሞተረኛ በተቃራኒ መንገድ እየበረረ ሲመጣባቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኑረው «ይለፉ ጌታዬ! በሞቴ ይለፉ! መንገዱ እኮ የአባትዎ ነው!» አሉት። ሞተረኛው ግራ ተጋብቶ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ሊላተም ምንም አልቀረው። ለካ በር ላይ የሚባለው ሁሉ መንገድ ላይም ይባላል! ሰውዬውን ግን ከስድብ የበለጠ ይለበልበዋል። አጋ ኖስራት ሳምንቱን ሙሉ «አፈር ስሆን» እያሉ ቴህራንን ሲቀጡ ሰነበቱ። እንዲያውም አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ሽማግሌው ታመው ይሆናል ብሎ ወርዶ «አባት፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አላቸው። ጎልናር ይህኛውን ጨዋታ ከበፊቱ አብልጣ ወደደችው።

ረቡዕ ዕለት ነጩ ፔዦ እንደ ልማዱ ከቀኝ መጣ። እንደ ልማዱ ታጠፈ። የዚያን ቀን ግን ፔይካኗ በክንድ ያህል ቀድማ ነበርና የፊት መከላከያዋን ጨፈለቀባት። ከፔዦው አንድ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ጎረምሳ እጅጌውን እየሰበሰበ ወረደ፤ መጣላት እንደሚጠብቀው አውቆ ተዘጋጅቷል። አጋ ኖስራትም ወረዱ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ከኋላ መስኮት የጎልናር ጭንቅላት ብቅ አለ።

ዋጡት። አፋቸው ግን ተከፍቶ ነበርና የሆነ ነገር መውጣት ነበረበት። የወጣው የቴህራን ሰው የሚለው ሲጠፋው የሚለው ነው።

«ምንም አይደል የኔ ጌታ! መኪናዬ ለእርስዎ ትሰዋ! እርስዎ ብቻ ይኑሩልኝ! እንዲያውም አርብ ምሳ እኛ ዘንድ ይምጡልኝ፣ እግርዎ በዓይኔ ላይ!»

እንግዲህ ይህን የሚሰማ ሰው ምን እንደሚል እዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። «ኧረ አላስቸግርም» ይላል። እንደገና ይለመናል፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ ሦስተኛውን እምቢ ብሎ መርቆ ይሄዳል። ግብዣው ያኔ ያልቃል፤ ማንም ሩዝ አይቀቅልም።

ጎረምሳው እጅጌውን መልሶ ዘረጋና «ምሳው ምንድን ነው?» አለ።

አጋ ኖስራት የሰሙትን አላመኑም።

«ቤታችን... ትንሽ ይርቃል።»

«ግድ የለም፣ መኪና አለኝ።»

«ደረጃውም ብዙ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል።»

«ወጣት ነኝ አጋ። ደግሞ የቤት ምግብ ከቀመስኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቤተሰቦቼ ሺራዝ ናቸው። ፔይማን እባላለሁ። አድራሻውን ይንገሩኝ።»

ነገሩት። ሌላ ምን ያደርጋሉ?

አርብ ዕለት ፔይማን ከተባለው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። የኬክ ካርቶን ይዟል። ፋራናክ፣ አባቷ «አንድ ወዳጄ ይመጣል» ስላሏት ደስ ብሏት ነበር፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ እንግዳ አይቶ አያውቅም። ሩዙን፣ የቅጠላ ቅጠሉን ወጥ፣ ሁሉንም አቀረበች። ፔይማን በላ። እንደገና ብላ ሲባል በላ። ከድስቱ ሥር ተጠብሶ የወጣው፣ ሁሉም ሰው የሚጎመጅለት የሩዝ ቅርፊት አንድ ቁራጭ ቀረ፤ አጋ ኖስራት ለወጉ ያህል «እንካ ውሰደው» አሉት። ወሰደው። አንድ ጊዜ እንኳ «ኧረ እርስዎ ይውሰዱት» አላለም። አጋ ኖስራት ከተጨፈለቀው መኪና ይልቅ ይህ አንገበገባቸው።

«ለመሆኑ የት ተዋወቃችሁ?» አለች ፋራናክ።

«መንገድ ላይ» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

«እንግዲያው ምስክር አገኘሁ! አባቴ መንገድ ላይ አፉ እንዴት ነው? ዛሬ የምፈርድበት ጉዳይ አለ።»

ፔይማን አጋ ኖስራትን አየ። ያንን ጡጫ ሁለት ዓመት ያውቀዋል፤ ያንን ድምፅም መስኮት ዘግቶ ሰምቶታል። የሰው እንጀራ እየበላ ባለቤቱን ማሳጣት ግን ነውር መሆኑን ቢያንስ ይህን አልረሳም። «ኧረ እመቤቴ፣ ከአጋ ኖስራት አፍ ማር ነው የሚወጣው» አለ።

አጋ ኖስራት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ወደዱት።

ጎልናር እስከዚያ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ታች ታይ ነበር። ዞር አለች።

«አያቴ፣ ነጭ መኪናው ታች ቆሟል። የአህያ ልጅ የምትለው እሱ ነው አይደል?»

ማንኪያ የያዘ ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። ፋራናክ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «ቅዳሜ ሰርቪሱ ይመጣል» አለች በቀስታ። አጋ ኖስራት በዚህ ሳምንት እንዳልተሳደቡ ሊናገሩ ሲሉ ፔይማን ቀደማቸው።

«እመቤቴ፣» አለ ፔይማን ፊቱ ቀልቶ፣ «ይሄ የድሮ ነው። በዚህ ሳምንት አልሰደቡኝም፣ መኪናቸውን ጨፍልቄባቸው እንኳ ምሳ ነው የጋበዙኝ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ እንደ አህያ ነው የምነዳው።»

«ለምን? ምን ያስቸኩልሃል?»

ፔይማንን ከዚያ በፊት ያንን ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ።

«እንጃ። ሥራ የምገባው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሁልጊዜ ቀድሜ እደርስና... መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልክ እነካካለሁ።»

ጎልናር ሳቀች፤ ፋራናክም መሳቅ አማራት። ግን ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች።

«አንተስ አባባ? አንተን ምን ያስቸኩልሃል?»

«እኔማ ልጅቷን ላደርስ ነዋ! በሁለት ሰዓት...»

«እኛም ቀድመን ነው የምንደርሰው» አለች ጎልናር። «በሩ ተዘግቶ እንጠብቃለን። አያቴ ሰዓቱን ያያል።»

«እሷን ካስገባህ በኋላስ? ወዴት ትሄዳለህ?»

«ወደ ቤት።»

«ቤት ምን አለ?»

አጋ ኖስራት ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን፣ የባለቤታቸውን ባዶ ወንበር አዩ። «ምንም» አሉ። «ነገ ጠዋትን እጠብቃለሁ።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ለራሳቸው የተሰማቸው። በቀን ውስጥ የሚወዷት አንዲት ሰዓት ብትኖር ያቺ ነበረች። እሷን ለማሳጠር ነው ለካ ከአንድ ከተማ ሕዝብ ጋር ሲጣሉ የኖሩት። እንዲህ ያለ ሞኝነት በማንም ሾፌር ላይ አይተው አያውቁም፤ ቢያዩ ኖሮ ስድቡን ያውቁበት ነበር።

ፋራናክ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቆየች። ሻይ ይዛ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ና» አለች። «ግማሽ ሰዓት ቀደም በል፤ እኔ ሳልወጣ አብረን ቁርስ እንበላለን። ሰርቪሱን እደውልላቸዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴዋ ፔይካን በተጨፈለቀ አፍንጫዋ አደባባዩ ጋ ደረሰች። ነጩ ፔዦ ከቀኝ መጣ። ቆመ! ፔይማን በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ይለፉ አጋ ኖስራት!»

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ እለፍ!»

«አፈር ስሆን፣ አይሆንም!»

ኋላቸው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። አንድ የታክሲ ሾፌር ጭንቅላቱን አውጥቶ «ሽማግሌው! እዚሁ ቀለበት ልታስሩ ነው ወይስ ትነቃነቃላችሁ?» አለ። ፔይማን እንደ ልማዱ ቶሎ ተሸነፈና አለፈ። አጋ ኖስራት ለታክሲውም እጅ ነሱት፣ ሞተረኛውንም አሳለፉት፣ አውቶቡሱንም። ከኋላ ጎልናር አሳንሰር ውስጥ ስለተዘጋባት ድመት የጀመረችው ወሬ ገና አጋማሽ ላይ ነበር።

አደባባዩን አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛውን ጀመሩ።

«አያቴ፣ አለፍከው እኮ። መዋዕለ ሕፃናቱ በዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አጋ ኖስራት መሪውን እያጠማዘዙ። «ድመቷስ ከዚያ ምን አደረገች?»