አናቱ ላይ ስድስት ያለበት ሰዓት

ሥራዬ የሸቀጥ ማሸጊያ መንደፍ ነው። የዘይት ጀሪካን ላይ የምታዩት የሱፍ አበባ፣ የብስኩት ካርቶን ላይ ያለ ምክንያት የሚስቀው ሕፃን የኔ እጅ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ለሀገሬ የራሷን የእጅ ሰዓት ልነድፍላት ነው» ሲል ተው የሚለው ዘመድ ያስፈልገዋል። እኔ ዘመድ ሞልቶኝ ነበር፤ ሁሉም ግን «ጎሽ፣ በርታ» አሉኝ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ስልካችንና የቢሮ ኮምፒውተራችን ግን በፈረንጅ ይቆጥራሉ። እነሱ ሁለት ሲሉ እኛ ስምንት እንላለን። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ የኛ ቁጥር ሁልጊዜ ከነሱ ቁጥር ትይዩ ነው። ታዲያ ቆጣሪዎቹ እንደ ፈረንጅ ይዙሩ፣ እኔ ቁጥሮቹን ልገልብጣቸው፤ ስድስት ወደ ላይ፣ አሥራ ሁለት ወደ ታች። ሰዓቱ ከስልክ ጋር ሳይጣላ ሐበሻ ሆነ ማለት አይደል? ካበድኩ አይቀር ብዬ ቁጥሮቹን በግዕዝ ጻፍኳቸው። መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የ፯ን ቅርጽ ለማሳመር ብቻ ስንት እሑድ እንደፈጀሁ እግዜር ይወቀው። ሞተሩም፣ መስታወቱም፣ የቆዳ ማሰሪያውም ከቻይና መጣ። የኔ የሆነችው ከወረቀት የማትወፍረው ክብ ፊቱ ብቻ ነበረች፤ እሷን ይዤ «የኢትዮጵያን ሰዓት ሠራሁ» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

ቢሮ ውስጥ ሁሉም አደነቁት፤ ማንም ግን አላነበበውም። ሰው ለካ ሰዓት ሲያይ ቆጣሪው ወዴት እንደዞረ ነው እንጂ ቁጥሩን አያይም። ቢያይስ፣ ፮ን ከ፯ የሚለይ ማን አለ? ያነበቡልኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚያገለግሉት የንስሐ አባቴ። ሰዓቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ወረዱልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። እዚያው ከእጄ ፈትቼ እሳቸው እጅ ላይ አሰርኩት።

ያን ሰሞን ሽማግሌ ልልክ ሽር ጉድ እያልኩ ነበር። የምወዳት ልጅ ኮተቤ ነው ቤቷ፤ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ መምህራን ሲያሠለጥኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ደወል ሲደወል በር ዘግተው የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ለታላቅ እህቷ የመጡትን ሽማግሌዎች ዘገያችሁ ብለው ከደጅ መልሰዋቸዋል፤ ጠያቂውም ተናዶ ሌላ አገባ። ስለዚህ እሑድ ስምንት ሰዓት ተብሎ ሲቀጠር «ስምንት ማለት ስምንት ነው፤ እኔን የምትፈልገኝ ከሆነ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ሦስት የተከበሩ ሰዎች መረጥኩ፦ የንስሐ አባቴን፣ አጎቴንና የመሥሪያ ቤት አለቃዬን።

ጠያቂው አብሮ አይሄድምና ያን እሑድ ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ከዚያ እሷ ጻፈችልኝ፤ «አልመጡም። አባባ እየተንጎራደደ ነው።» አጎቴ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ። የዘይት ጀሪካኔን እየሳልኩ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ሰዎቹ ለካ ገና ስምንት ሳይሞላ ደርሰው፣ ከግቢው አጥር ውጭ ጥላ ይዘው ቆመዋል። የንስሐ አባቴ ሽምግልና ላይ ስልክ መጮኽ ነውር ነው ብለው ሁሉንም አስጠፍተዋቸዋል። ቀድሞ መግባትም እንደ ችኩል ያስቆጥራል ብለው፣ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው የኔን ሰዓት እያዩ ስምንት እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ትንሹ ቆጣሪ እንደነደፍኩት ስምንትን በትክክል ይናገር ነበር። ስለ ትልቁ የደቂቃ ቆጣሪ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም! እሱ ሰዓት ሲሞላ አናት ላይ ይወጣል፤ አናት ላይ ደግሞ እኔ የጻፍኩት ስድስት ነው። አባም የተጻፈውን አንባቢ ናቸውና ስድስትን አይተው፣ ስድስት ላይ ማለት ተኩል ነውና፣ «ገና ሰባት ተኩል» አሉ። አጎቴ ቆይተናል መሰለኝ ብሎ አንድ ጊዜ አጉረምርሞ ነበር፤ ግን ቄስ ሰዓት አንብበው ማን ደፍሮ ያርማል? ትልቁ ቆጣሪ ታች ወርዶ አሥራ ሁለት ላይ ሲያርፍ፣ አባ አሁን ሞላ ብለው በሩን አንኳኩ። ስምንት ተኩል ሆኗል።

የቀረውን እሷ ከጓዳ ሆና እየሰማች ነው ያወቀችው። አባቷ ራሳቸው ከፈቱ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ አባ በሙሉ ልብ እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው ሰዓቱን አስፈትተው ተቀበሉና ያገላብጡት ጀመር። እንደ ወጉ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥምና ሦስቱም ሳሎኑ መሐል ቆመው ቀሩ። አባቷ ሰዓቱን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ክፍል ገቡ። እሷ በቃ አለቀ ብላ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ሲወጡ ግን፣ አንድም ቀን ወደውላት የማያውቁትን ቀይ የጥፍር ቀለሟን ይዘዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው የሰዓቱ መስታወት አናት ላይ አንዲት ነጥብ አኖሩና ለአባ መለሱላቸው።

«ደቂቃው የሚቆጠረው ከዚህ ነው፣ አባ። ይኼን የሠራው ልጁ ራሱ ነው?»

አባ ራሱ ነው አሉ። አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል» አሉ። «ይቀመጡ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። እሷ ስልኬ ላይ «ተቀመጡ!» ብላ ስትጽፍልኝ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን የምሸጣቸው ሰዓቶች ሁሉ አናታቸው ላይ ቀይ ነጥብ አለባቸው። ገዢዎች ትርጉሟን ሲጠይቁኝ፣ በየካ ተራራ በኩል የምትወጣዋ ጀምበር ናት እላለሁ፤ በጣም ይወዱታል። ሚስቴ አጠገቤ ጥፍሯን እየቀባች ከሆነ፣ ቀና ሳትል ብሩሹን ወደኔ ትቀስራለች።