የጋሽ ደምሴ ምላጭ

ሃጃ ዘይነብ የሰጠችኝ ኦቾሎኒ ገና ከእሳት መውረዱ ስለነበር የተጠቀለለበት ወረቀት ሞቆ ሽታ አወጣ። የሙጫ፣ የአቧራና የሻጋታ ሽታ ነው። በካርቱም ሰፈራችን በጀብራ እንዲህ የሚሸት አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ወረቀቱን ገልበጥ ሳደርገው የታተመበት ፊደል የእኛው ነው። ከጦርነቱ የተረፈ ነገር ካለ ልይ ብዬ ወደ ሰፈሬ የተመለስኩበት ቀን ነበር። ከቤታችን በርና መስኮቱ፣ የመብራት ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተፈልቅቆ ተወስዷል። ሃጃ ግን በሯ ላይ ቁጭ ብላ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ወረቀቱን ከየት አመጣሽው ሳልላት ገባኝ። የጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔ ግን ልውቀሰው፣ በሕይወት ሳለም ደግ ነህ ያለው ሰው አላውቅም። የሃጃ ዘይነብን የመንገድ ዳር ክፍል ተከራይቶ መጻሕፍት ያውስ ነበር። በካርቱም ያለፈ ሐበሻ ሻንጣው ሲከብደው የሚያወርደው መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ እሱ ዘንድ ይገባል። ልብ ወለድ የሆነውን ለሃጃ የእሳት ማያያዣ ይሰጣታል። "ውሸት ለማንበብ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?" ይላል። የሚያስቀምጠው በእውነት የሆነውን፣ ያውም ሰው ከሞት አፍ የደረሰበትን ብቻ ነው።

መደርደሪያዎቹን የከፈላቸው በገዳይ ዓይነት ነበር። በረሃ በግራ፣ ባሕር በቀኝ፣ በረዶ ከላይ፣ እስር ቤት ከበሩ ኋላ። ሰው መጥቶ የወደደውን እንዲመርጥ አይፈቅድም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከእግር እስከ ራሱ ያየውና "መንገድህ በየት ነው?" ይለዋል። በሊቢያ ነው ላለው መጀመሪያ በረሃ፣ ያን አንብቦም ልቡ ካልተመለሰ ባሕር ይሰጠዋል። አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ዓርብ ዓርብ ብቻ የምትወጣን ልጅ የእስር ቤት ታሪክ አስይዞ ሲሸኛት አይቻለሁ። "ይኼ ሰውዬ መስኮት ነበረው፤ አንቺስ?" አላት። ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች፣ በሳምንቱ ግን ሌላ ልትወስድ መጣች። እኔ ከሐበሻ እናትና ከሱዳን አባት የተወለድኩ ነኝ፤ አማርኛ ማንበብ የተማርኩት እሱ ዘንድ ነው። ለእኔ የሚሰጠኝ በረዶ ነበር። መርከቡ በበረዶ ተይዞበት ቀበቶውን ቀቅሎ የበላ ሰው ታሪክ ሰጠኝና "የካርቱም ልጅ ነሽ፤ ሌላው ሁሉ ይገድልሻል፣ በረዶ ግን አይገድልሽም። በሰላም አንብቢ" አለኝ። ከአፉ የሰማሁት ትልቁ ደግነት ይህ ነው።

መጻሕፍቱ ታዲያ መጨረሻ አልነበራቸውም። አዲስ መጽሐፍ ሲገባለት መጀመሪያ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል። ከዚያ የጢም ምላጩን ያወጣና ሰውየው ከሚድንበት ገጽ ጀምሮ ያለውን ሙልጭ አድርጎ ይቆርጠዋል። መርከቡ ከሩቅ ሳይታይ፣ ግመል ነጂው ሳይመጣ፣ የእስር ቤቱ በር ሳይከፈት ታሪኩ ቀጥ ይላል። "ሰውየው ተረፈ ወይ?" ብሎ ለሚመጣ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "አላውቅም።"

እናቴ አንድ ቀን ለምን እንደሚቆርጠው ጠየቀችው።

"የደረሰ ነው የሚያወራው" አላት። "ያልደረሰው አፍ የለውም። ከሮም የሚደውለው የደረሰው ነው፣ ፎቶ የሚልከው የደረሰው ነው። እነዚህ ልጆች የሚያልቁት በደረሰ ሰው ወሬ ነው። እኔ ዘንድ ማንም አይደርስም።"

እሱ ራሱ በወጣትነቱ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከአገር ተነሥቶ ካርቱም የገባው ብቻውን ነው ይባላል። ይህን ደፍሮ የሚጠይቀው አልነበረም።

በምላጩ የሚያምኑ ብዙ ነበሩ። ወንድሟ ወይም ልጇ ሊቢያ ሊቢያ ያለባት ሴት ወደ ጸበል እንደምትወስደው በሽተኛ እጁን ይዛ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ታመጣዋለች። "ያስፈራሩልኝ" ትለዋለች። እሱም ያስፈራራል። ፈርተው ቀርተው እዚያው ጀብራ ራክሻ፣ ባጃጅ መሆኑ ነው፣ የነዱ፣ ሚስት ያገቡ አሉ። ስለዚህ የአጎቴ የመስፍን ነገር ሲብስ እናቴ ሌላ ሐኪም አልፈለገችም።

መስፍን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኛ ዘንድ ሲኖር ልስን ይሠራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሰዎች ዩሚያ፣ የቀን ሠራተኛ፣ በሚቀጥሩበት አደባባይ ይቆማል፣ ማታ ሲሚንቶ ለብሶ ይገባል። ፖሊስ በከሻ፣ በስደተኛ አፈሳ፣ ይዞት የቀኑን ሙሉ ድካም ወስዶበት ሲመለስ እንኳ የፖሊሱን አረማመድ እያሳየ ያስቀን ነበር። በአማርኛዬ ያሾፍብኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን የሳቀ ወንድ እሱ ብቻ ነው። እወደው ነበር። እንዲሄድብኝ አልፈልግም ነበር፣ በዚያ ዘመን ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

"ጋሽ ደምሴ፣ ወንድሜ ነው" አለች እናቴ። "ያስፈራሩልኝ፤ ወላሂ ሌላ ሰው የለኝም።"

ጋሽ ደምሴ አገላብጦ አየው። "እጅህ የሠራተኛ ነው፣ እግርህ ግን የችኩል ነው" አለው። "አንተ ጥም ሳይደርስብህ ነው የምትሞተው።"

"ጋሼ፣ ለሐኪም እንዳሳየው ይጻፉልኝ" አለ መስፍን እየሳቀ።

ጋሽ ደምሴ አልሳቀም። ከግራው መደርደሪያ ሽፋኑ የተላጠ ቀጭን መጽሐፍ አውጥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈለት።

መስፍን ዓርብ ዓርብ በግቢያችን የኒም ዛፍ ሥር እየተቀመጠ ጮክ ብሎ አነበበልን። እናቴ ልብስ ታጥባለች፣ እኔ ጉልበቱን ተደግፌ እሰማለሁ። በረሃ ሲያቋርጡ መኪናቸው ስለቆመባቸው ሰዎች ነው። ምላሳቸው አብጦ አፋቸው አልገጠም ሲል እናቴ እጇን ከውሃው ታወጣለች። ባልደረቦቹ መኪናው ሥር ተጋድመው መጠበቁን መረጡ። ታሪኩን የሚተርከው ሰው ግን "ቆሞ የሚጠብቅ ይሞታል" ብሎ የቀረውን ውሃ ይዞ በእግሩ ተነሣ። ሄደ፣ ሄደ፣ ውሃው አለቀ፣ ከአንድ የአሸዋ ጉብታ ጫፍ ላይ ወደቀ። እዚያ ላይ መጽሐፉ አለቀ። የተቆረጠበት ጠርዝ ጣት ይቆርጣል።

አለቀስኩ። "ሞተ?" አልኩት።

"አንቺ ሞኝ" አለኝ ፀጉሬን እያሻሸ። "ከሞተ ማን ጻፈው?"

እናቴ ሳሙናው ከእጇ ወደቀባት።

"በእግሩ ነው የወጣው" አለ መስፍን። "ያለቁት መኪናው ሥር የተኙት ናቸው።" መጽሐፉ እንደዚያ አላለም፤ እሱ ግን እንደተጻፈ አድርጎ ነው የተናገረው። ፊቱ ላይ ፍርሃት የሚባል አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ያን ያህል ሲቆርጥ ሲሰፋ ይህችን ቀላል ነገር አላሰባትም ነበር።

ብዙ ሳይቆይ፣ እናቴ ሥራ በሄደችበት ቀን መስፍን ሄደ። መጽሐፉን እኔ መለስኩት። ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ገጹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ራሱ ቆራርጦ ሲያበቃ በሌላ ሰው እጅ አንዲት ገጽ ብትጎድል ሰፈሩን ያነቃንቀዋል።

"ሄደ?" አለኝ።

"ሄደ።"

መጽሐፉን ቦታው መልሶ በሩን ዘጋብኝ።

መርዶው የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አብሮት የሄደ ሀብቶም የሚባል ልጅ ከሊቢያ ተባርሮ ተመልሶ ነበር። ጎረቤቱ በማለዳ ተሰበሰበ፣ ጋሽ ደምሴም መጥቶ ከግቢያችን ምንጣፍ ዳር ተቀመጠ። እናቴ ከጮኸች፣ ደረቷን ከመታች በኋላ "እንዴት ሞተ? እንዴት እንደሞተ ንገረኝ" አለችው ሀብቶምን።

"መኪናው ተበላሸ" አለ ልጁ። "ሾፌሩ ጠብቁ፣ ሰው ያልፋል አለን። መስፍን እንቢ አለ። 'ቆሞ የሚጠብቅ ይሞታል፤ አንብቤዋለሁ' አለ። ሁለት ልጆች ተከተሉት። በማግስቱ ሌላ መኪና መጣልን። እየሄድን አገኘናቸው። መስፍን ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ነበር የወደቀው። ወደ መኪናው እየተመለሰ ነበር።"

ጋሽ ደምሴ ተነሣ። ማንንም ነፍስ ይማር ሳይል፣ ጫማውን ከምንጣፉ ዳር ትቶ በባዶ እግሩ ወጣ። ቀትር ሆኖ ነበር፤ የዚያን ሰዓት አስፋልት በጫማም አያስረግጥም። እናቴ ጫማውን አድርሺለት አለችኝ። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጦ የዱቄት ወተት ጣሳ በእግሮቹ መሃል አቅፏል፣ እጁ ላይ የተቆራረጡ ገጾች አሉ። እግሩ ተልጦ ነበር። "ጣይውና ሂጂ" አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ማዋስ ተወ። የሊቢያ መኪና የሚጫንበት ድረስ እየሄደ፣ ከጭነቱ ላይ ወደተሳፈሩት ልጆች አንዲት ነገር ብቻ ይጮሃል፤ "መኪናው ከቆመ አትልቀቁት!" ለዓመታት ይህን ብቻ። ልጆቹ ከላይ ሆነው እየሳቁ እጃቸውን ያወዛውዙለታል። ሾፌሮቹ ገድ አበላሸብን ብለው ይገፈትሩታል፣ አንዳንዴም ፖሊስ እብድ ነው ብሎ ይጎትተዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። "በወንድሜ ሞት ይቀልዳል" አለች። ሰላምታ እንዳንሰጠው ከለከለችን። በበሩ ስናልፍ ፊታችንን እናዞር ነበር። ታመመ ሲባል አልጠየቅነውም። ጦርነቱ መጥቶ እኛ ስንወጣ እሱን ና በሉት ያለም የለም።

"ስኳሩ ነው የገደለው" አለችኝ ሃጃ ዘይነብ ኦቾሎኒዋን እያመሰች። "መድኃኒት ከየት ይምጣ? እዚያ ሜዳው ላይ ቀበርነው። ጋዝ ሲጠፋ መጻሕፍቱን ራሱ እያወጣ ሰጠን፤ ፉል የቀቀልነው በእነሱ ነው። ይቺን የወተት ጣሳ ግን አልሰጥም አለ። አሁን ለማን ትቀመጥ?"

ጣሳዋን ተቀበልኳትና ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። የቆረጣቸውን መጨረሻዎች ሁሉ በክር በክር እያሰረ አስቀምጧቸዋል። ግማሹን ሃጃ ጠቅልላበታለች። በቀረው ውስጥ ሰው ይድናል። አንዱ ጀልባ ያያል፣ አንዱ ከበረዶው ይወጣል፣ አንዷ የእናቷን በር ታንኳኳለች። መስፍን ያነበባትን የመጨረሻ መስመር በቃሌ አውቃት ስለነበር ተከታይዋን ገጽ ለማግኘት አልተቸገርኩም። እንዲህ ይላል፦

"ግመል ነጂዎች ወድቄ አገኙኝ። በእድል እንጂ በጥበቤ አልዳንኩም። መኪናው ዘንድ የቀሩት ባልደረቦቼ በማግስቱ ሁሉም በሕይወት ተገኝተዋል። መሄዴ ስሕተት ነበር። ይህን የምታነብ ሁሉ ስማኝ፤ መኪናህ ከቆመ አትልቀቀው።"

ኦቾሎኒው ከጭኔ ላይ ተበተነ። ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት ሲጮህ የኖረው ይህችን ገጽ ነበር። አላበደም፣ አልቀለደብንም፤ የቆረጠውን ሊመልስ ነበር የሚሞክረው። መስፍንን የገደለው ምላጩ መሆኑን ከሀብቶም አፍ እንደሰማ ነው ያወቀው። ያኔ አውቄ ቢሆን እኔም በድንጋይ እወግረው ነበር። አሁንም ይቅር ብዬዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ለእናቴ ይህን የምነግርበት ልብ ግን የለኝም።

"እህት፣ ሐበሻ ነሽ እንዴ?" አለኝ አንድ ልጅ። ፍርስራሽ ከሚያነሡት የቀን ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ኦቾሎኒ ሊገዛ መጥቶ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ቅንድቡ ሳይቀር በአቧራ ነጥቷል።

"ነኝ። ከዚህ ወዴት ነህ?"

"ሊቢያ፣ ኢንሻአላህ።"

ቁጭ በል አልኩት። ታሪኩን ከመኪናው መበላሸት ጀምሬ ነገርኩት፣ ገጿንም ቀስ ብዬ አነበብኩለት። ኦቾሎኒውን እያላመጠ በትዕግሥት ሰማኝ።

"እና ሰውየው ተረፈ?" አለኝ።

"ተርፏል።"

"ኸላስ፣ በቃ፤ ዋናው እሱ ነው" አለና ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። አመስግኖኝ ሄደ።

ከመንገዱ ማዶ ሲደርስ ብድግ ብዬ "መኪናው ከቆመ አትልቀቀው!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ሃጃ ዘይነብ ማማሰያዋን ይዛ ቀረች። "ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ደምሴን እኮ ቀብረነዋል" አለችኝ።

ልጁ ሳይዞር እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልኝ።